ጋቢ በአንድ ክር አይተረተርም

ወለላ የላከችኝን ቃል አላደረስኩም። ጥፋቴ ይህ ነው፤ ከሁሉ በፊት ይህ ይጻፍልኝ። በስብሰባ ላይ እንድናገርላት አምናኝ የነገረችኝን ዋጥኩና በምትኩ የራሴን ተናገርኩ። የተናገርኩት እሷን ከእድር አስወጣ። እናቷንም ያለ ድንኳን፣ ያለ ለቀስተኛ አስቀበረ። ተናጋሪዋ እኔ ነኝ። እያወቅኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ የተናገርኩት እኔ ነኝ።

ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ልጆቼ አያውቁም። ለነፍስ አባቴ ቁጣዬን ነግሬያቸዋለሁ፣ ሐሜቴን ነግሬያቸዋለሁ፣ የገደፍኩትን ጾም ሳይቀር ነግሬያቸዋለሁ፤ ይህን ግን በየዓመቱ እየዘለልኩ ነው እዚህ የደረስኩት። አሁን ደግሞ ለእሳቸው ብቻ በጆሯቸው ሹክ ብላቸው የሚበቃኝ አይመስለኝም። ያጠፋሁት በሰው ፊት ነው፤ የምናገረውም በሰው ፊት መሆን አለበት። ስለዚህ ይህን የምታነቡ፣ ዕድሜያችሁ የልጅ ልጆቼን ያህል ቢሆንም እንኳ፣ ለዛሬ ነፍስ አባቶቼ ናችሁ። እግዜር ይፍታሽ ለማለት አትቸኩሉ። መጀመሪያ ጨርሼ ልንገራችሁ።

ዘነበች እባላለሁ። ልደታ ነው የተዳርኩት፣ ልደታ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት። አሁን የምኖረው ኮንዶሚንየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ያኔ ግን ጌጃ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ዘጠኝ አባወራ ሆነን በአንድ ቧንቧ ነበር የምንኖረው። ትምህርቴ ጥቂት ነው። ፊደል የቆጠርኩት ሦስተኛ ልጄን ጡት ካስጣልኩ በኋላ ነው፤ ይህን ስጽፍም ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ለመሻገር ትንፋሼን እሰበስባለሁ። ድምፅ ግን ነበረኝ። ወጣት ሳለሁ የቀበሌያችን ሴቶች ሰልፍ ሲወጡ መፈክር የማሰማው እኔ ነበርኩ።

መፈክር እንዴት እንደሚሠራ ያኔ ነው ያወቅኩት። ማንም አላስተማረኝም፤ ጉሮሮዬ ነው ያስተማረኝ። ከረዘመ ሰው መሀል ላይ ይጠፋዋል። ምክንያት ከገባበት ሰው ማሰብ ይጀምርና አይመልስልህም። አጭር መሆን አለበት። መጨረሻው ላይ መምቻ ሊኖረው ይገባል። ደግሞ ሰው ቤቱ ውስጥ የሚያውቀው ዕቃ ከገባበት፣ በቃ፣ አለቀ፤ ማታ እራት ሲበላ ሳይቀር አፉ ላይ ይመጣል። እኔ «ይውደም!» ስል አደባባዩ ሙሉ «ይውደም!» ይላል። ማን ነበር የሚወድመው? ስሙን እንኳ በቅጡ የማልጠራው ሰው ነበር። ሚስት አለችው? እናት አለችው? አልጠየቅኩም። እጄን ሳነሳ እጃቸውን አነሱ፤ ደስ አለኝ። ያ ደስታ ውስጤ ተቀምጦ ቆየ። ዘመኑ አለፈ፣ ሰልፉም ቀረ፣ እኔም አያት ሆንኩ፤ ደስታው ግን አልሞተም ነበር። ሲጠብቀኝ ነው የኖረው።

ወለላ በራችን ፊት ለፊት ነበረች። ከእኔ በሃያ ዓመት ታንሳለች። ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ቤቱ ከሚያድርበት መንገድ ላይ የሚያድርበት ይበዛል። እሷ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር አንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች። እናቷ እግራቸው ከድቷቸው አልጋ ላይ ከዋሉ ሦስት ዓመት ሆኗቸው ነበር። ወለላ ንግግር የሚባል ነገር አትችልም። በሁለት ሰው ፊት አንገቷን ትደፋለች፣ በሦስት ሰው ፊት ላብ ያጠምቃታል። አንድ ጊዜ ቧንቧው ላይ ተራዋን ሲነጥቋት ባልዲዋን ይዛ ወደ ቤቷ ስትመለስ አይቼ፣ እኔ ነኝ ወጥቼ ጮኼ ተራዋን ያስመለስኩላት። ፍትሕ ሲጓደል ዝም ማለት አልችልም ነበር። እንዲህ ነበር ስለ ራሴ የማስበው። እንዲህ ብሎ ነው ሰፈሩም የሚያውቀኝ።

ከዚያ ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ተባለ። በምትኩ ኮንዶሚንየም ይሰጣችኋል፣ እየመጣችሁ ፈርሙ ተባለ። እኛ ደግሞ ተሰብስበን መከርን። የጨነቀን እድራችን ነው። አንዱ እዚህ ብሎክ፣ ሌላው እዚያ ከሆነ ማን ማንን ይቀብራል? ድንኳኑን ማን ይተክላል? ድስቱን ማን ይሸከማል? ስለዚህ አንድ ብሎክ ላይ አንድ ላይ ካልሰጡን በስተቀር ማንም እንዳይፈርም ተስማማን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ለእኔ ፍትሕ ማለት ይህ ነበር፤ ወይ ሁሉም፣ ወይ ማንም።

ከእድሩ ስብሰባ በፊት በነበረው ቅዳሜ ልብስ ሳሰጣ ወለላ መጣች። ሽቦው ሥር ቆማ የአንሶላውን ጫፍ ያዘችልኝ።

«እትዬ ዘነቡ፣ ፈረምኩ» አለችኝ።

«ምኑን?»

«ቤቱን።»

አንሶላውን ለቀቅኩት። እሷ ግን ጫፉን እንደያዘች ቀረች።

«እማዬ አልጋ ላይ ናት። ደረጃ አትወጣም። የግራውንድ ቤቶቹ እያለቁ ነው ሲሉኝ ፈረምኩ። ከእናንተ መለየት ግን አልፈልግም፤ እድሬንም አልተውም።» ይህን ስትል እንኳ እኔን ሳይሆን መሬቱን ነው የምታየው። «እኔ እዚያ ስቆም ይጠፋብኛል። እርስዎ አፍ አለዎት። ነገ ይንገሩልኝ። ልክ እንዲህ ብለው ይንገሩልኝ።»

አራት ነገር ነው። እናቴ አልጋ ላይ ናት። ደረጃ አትወጣም። የግራውንድ ቤት ሊያልቅ ስለሆነ ፈረምኩ። ከእናንተ መለየት አልፈልግም። አራት ነገር ብቻ። ሕፃን ልጅ ቢላክ አያጠፋውም።

«እሺ» አልኳት።

ይህችን «እሺ» እዩልኝ። ባልል ኖሮ ሌላ ሰው ትልክ ነበር። ወይም እየተንቀጠቀጠችም ቢሆን ራሷ ትናገር ነበር። እኔ «እሺ» ስላልኳት ነው ሌላ ያልፈለገችው።

እናቷን አላውቃቸውም እንዳልል፣ በገዛ እጄ አገላብጫቸዋለሁ። ወለላ ሥራ ስትውል ውሃ ያጠጣኋቸው እኔ ነኝ። ደረጃ እንደማይወጡ ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ በሰፈሩ አልነበረም። ታዲያ ለምን? ለምን አላደረስኩም? ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ይህ ነው፦ የወለላን ችግር ከተናገርኩ ሌላውም ተነሥቶ እኔም ጉልበቴን ያመኛል፣ እኔም ደካማ አባት አለኝ ይላል፤ ሁሉም ምክንያቱን ይዞ ወደ ፊርማው ይሄዳል፤ እድሩ ይፈርሳል። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ የሚያሳፍር ነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ የእኔን ሐሳብ ያፈረሰችው ደግሞ ዝም የምትለዋ፣ ተራዋን እንኳ ማስከበር የማትችለዋ ወለላ ናት። ተናደድኩ። ለካ የምረዳት አንገቷን እስከደፋች ድረስ ብቻ ነበር?

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የእድሩ ቤት ጢም ብሎ ሞላ። ትልልቆቹ ድስቶች ግድግዳው ሥር ተደርድረዋል፤ የተጠቀለለው ድንኳን ላይ ሽማግሌዎች ተቀምጠውበታል። ወለላ በሩ አጠገብ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ስነሣ አየችኝና ራሷን ነቀነቀችልኝ። በርቺ እንደማለት ነው። እኔን በርቺ ትለኛለች!

ለመናገር ስነሣ ጋቢዬ ከትከሻዬ ተንሸራተተ። መልሼ አስተካከልኩት። ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው፤ ከልቤ አይደለም፣ ከትከሻዬ ነው።

«ወገኖቼ» አልኩ። «እኛ አንድ ጋቢ ነን። ብርዱን የቻልነው አንድ ላይ ስለተሸመንን ነው። ታዲያ ጋቢን የሚጨርሰው ብርድ አይደለም። አንድ ክር ከተመዘዘ፣ ጋቢው ተተረተረ!»

ቤቱ ተናጋ። እንደ ድሮው ሰልፍ ሆነ። «አንድ ክር ከተመዘዘ» አልኩ ደግሜ፤ «ጋቢው ተተረተረ!» ብለው መለሱልኝ። ደገምኩ፤ መለሱ። ጀርባዬ ላይ ሙቀት ሲወጣ ይሰማኛል። ዕድሜዬ ሁሉ ከላዬ የወረደልኝ መሰለኝ። አንዱ ከኋላ «ክሩ ማን ነው?» ብሎ ጮኸ።

ስሟን አልጠራሁም። ለብዙ ዓመት በዚህ ስጽናና ኖሬያለሁ፤ ስሟን አልጠራሁም እያልኩ። ዓይኔን ግን ወደ በሩ ላክኩ። ቤት ሙሉ ሰው ዓይኔን ተከትሎ ዞረ። ወለላ ነጠላዋ ከአፏ ወረደ። አሁንም እኔን እያየች ነበር። አሁንም እየጠበቀች ነበር፤ ቀጥዬ የእሷን ቃል የምናገር መስሏት።

ተቀመጥኩ።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። ያልኩት ነገር ውሸት ነበር፤ ስናገረውም ውሸት መሆኑን አውቅ ነበር። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ጥጥ እየባዘትኩ ስፈትል ያደግኩ ሰው ነኝ። የባሌን ጋቢ፣ የልጆቼን ጋቢ በእንዝርቴ ፈትዬ ነው ለሸማኔ የሰጠሁት። ጋቢ አንድ ክር ቢመዘዝ አይተረተርም። ድርና ማጉ ተያይዟል፤ የተመዘዘበት ቦታ ቀጭን መስመር ይታያል፣ ሌላው ባለበት ነው። ሸማኔ ሲሠራም ክር በቀን ስንት ጊዜ ይበጠስበታል፤ ቋጥሮ ይቀጥላል። አንድ ክር ሲመዘዝ የሚተረተረው ሹራብ ነው። ሹራብ ብል ኖሮ እውነት በሆነ ነበር። ነገር ግን ለሹራብ ማን ያጨበጭባል? ጋቢ አባት ነው፣ ጋቢ ክብር ነው፣ ጋቢ ሲባል የሁሉም ሆድ ይባባል። ስለዚህ እውነቱን ትቼ የሚያምረውን መረጥኩ። ይህን ሁሉ ቆሜ አሰላሰልኩ አልልም። ምላሴ ነው የመረጠው። ግን ምላሱ የማን ነው?

እዚያ ቤት ውስጥ አቶ ወንድሙ የሚባሉ ሸማኔ ነበሩ። የእኔን ጋቢ የሸመኑት እሳቸው ናቸው። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሳቸውም ምንም አላሉም።

ያን ዕለት ወለላ መፈረሟ ታወቀና ከእድሩ ተሰረዘች። በነጋታው ስሟ ጠፋ። «ክሯ መጣች» ይላሉ ልጆቹ ቧንቧው ላይ። «ክሯ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ልትተረትሪ መጣሽ?» ይላሉ ትልልቆቹ፣ ይስቃሉ። ባልዲዋን እንደያዘች ትመለሳለች። እኔ በመስኮት አያለሁ። በዚህ ጊዜ ወጥቼ አልጮኽኩም።

ሁለት ሳምንት አልሞላም፤ ቤቱ እንዳያልቅበት ሁሉም አንድ በአንድ እየሄደ ፈረመ። የእድሩ ዳኛ ፈረሙ። በጣም የጮኹት ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ። በየብሎኩ ተበታተንን፤ እድሩ ግን አልፈረሰም። በየወሩ እንሰበሰባለን፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ድስቱ ይወጣል። ጋቢው አልተተረተረም። ውጪ የቀረችው ወለላ ብቻ ናት። እኔን ደግሞ ክር ብሎ የጠራኝ አንድም ሰው የለም።

እናቷ የሞቱት ኮንዶሚንየም ከገባን በሦስተኛው ወር ነው። ቀትር ላይ ነበር። የወለላ ብሎክ ከእኔ መስኮት ፊት ለፊት ነው፤ ጩኸቷን የሰማሁት ወጥ እያማሰልኩ ነው። ጡሩንባ ነፊው አልነፋም፤ የእድር አባል አይደለችማ። ትንሽ ቆይቶ ሦስት የድሮ ግቢያችን ሴቶች ደረጃዬን ወጥተው መጡ። ነጠላቸውን ለለቅሶ አዘቅዝቀው ነበር።

«እትዬ ዘነቡ፣ እንሂድ ወይ?» አሉኝ። «የሞተችው እኮ አሮጊቷ ናት። ምን አደረገችን?»

እግዚአብሔር ሁለተኛ ዕድል ሰጠኝ። አያችሁ? ደጄ ድረስ ላከልኝ። አንድ «እንሂድ» ብቻ ነበር የሚበቃው። ነጠላዬን አንሥቼ ብወጣ ሰፈሩ ሁሉ ይከተለኝ ነበር። እኔ ግን ብሄድ ምን ሊመስል ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ሁሉ ያስጮኽኩ ሰው፣ ውሸቴን ነበር ማለት አይሆንብኝም? ስለዚህ «ክሩማ ተመዝዟል» አልኳቸው። ይህችኑ ብቻ።

ሴቶቹ ነጠላቸውን መልሰው አስተካከሉ። አንዷ ደረጃው ላይ ትንሽ ቆመች። ከዚያ ሁሉም ወረዱና ወደየቤታቸው ሄዱ።

በመስኮት አየሁ። አልደብቃችሁም፣ ከመስኮቱ አልተነሣሁም። ባሏ አገር አቋርጦ ገና መንገድ ላይ ነው። አንድ ሰማያዊ ሸራ ከደረጃው ብረትና ከመብራት እንጨት ጋር አሰሩ። ከሥሩ ጥቂት የፕላስቲክ ወንበር አኖሩ። የመጡት አብረዋት የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ፤ በሥራ ልብሳቸው ነው የመጡት። ከእኛ እድር አንድ ሰው ብቻ ሄደ፤ አቶ ወንድሙ። ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጫፍ ወንበር ላይ፣ ብቻቸውን። ነፋስ ሲመጣ ሸራው ይነሣል፤ ወለላ ራሷ ከለቅሶዋ ተነሥታ ታስረዋለች። የገዛ እናቷን የለቅሶ ሸራ እሷው ስታስር አየሁ። ወጤ አረረ።

ከዚያ ወዲህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሆነ። ልደታ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በቅርቡ መንገድ በእሷ ደጅ ማለፍ አለብኝ፤ እኔ ግን በሰንጋ ተራ በኩል ዞሬ እሄድ ነበር። ጉልበቴ እያመመኝ ዐሥራ ሁለት ዓመት ዞርኩ። ልጆቼ «እማዬ ምን ያዞርሻል?» ሲሉኝ፣ እግሬን ማፍታታት ብዬ ነው እላለሁ። ከሩቅ ነጠላዋን ሳይ ወደ ሌላ መንገድ እታጠፋለሁ። የእድር ጡሩንባ በሰማሁ ቁጥር መስኮቴን እዘጋለሁ። ሰው «ደፋር ሴት፣ ለእውነት የቆመች» እያለ ሲያስተዋውቀኝ ላብ ያጠምቀኛል።

ምናልባት እንዲሁ ዞሬ ዞሬ እሞት ነበር። ዘንድሮ ግን ከፋሲካ በኋላ የብሎካችን ነዋሪዎች ስብሰባ ተጠራ። ኮሚቴው የጀርባውን በር እንዝጋ፣ ሁላችሁም ፈርሙ አለ። በሩ ላይ ሰሚራ የምትባል ጎረቤታችን ሽንኩርትና ቲማቲም ትቸረችራለች፤ ባሏ ሞቶባት ሁለት ልጅ የምታሳድገው በዚያ ነው። አልፈርምም አለች። የኮሚቴው ሰብሳቢ ወጣት ነው፤ ክፉ ልጅ አይደለም፣ ሲያገኘኝ ዘንቢሌን ይሸከምልኛል። ተነሣና እጁን ዘርግቶ እንዲህ አለ፦

«ወገኖቼ! አንድ ክር ከተመዘዘ፣ ጋቢው ተተረተረ!»

ሰው አጨበጨበ። ሁሉም ወደ ሰሚራ ዞረ። ፊቷን አየሁት። በሩ አጠገብ የነበረውን ያን ፊት ነው ያየሁት።

«ልጄ» አልኩት፤ ድምፄ የእኔ አልመስል አለኝ። «ይህን ከማን ሰማህ?»

«እማማ ዘነቡ፣ ይሄማ የድሮ ነው! እናንተው አይደላችሁ እንዴ ያወረሳችሁን?»

«የድሮ አይደለም። እኔ ነኝ የፈጠርኩት። ውሸት ነው። ጋቢ በአንድ ክር አይተረተርም።»

ሳቁብኝ። «ቀጥለው ደግሞ አዲስ አበባንም እኔ ነኝ የቆረቆርኳት እንዳይሉን!» አለ አንዱ። «እማማ እኮ አራዳ ናቸው!» አለ ሌላው። እኔን እየወደዱኝ ነው የሚስቁት። ቃሉን ግን አልለቀቁትም። እኔ፣ የወለድኩት ሴትዮ፣ ቆሜ ውሸት ነው እያልኩ፣ እሱ በሰው አፍ ውስጥ ከእኔ በልጦ ተቀምጧል። ስንቱን ሰው በር ላይ አስቀምጦት ይሆን? እኔ በማላውቀው ስብሰባ፣ እኔ በማላውቀው ሰፈር?

«እንግዲያው እኔም አልፈርምም» አልኩ። «ሁለተኛዋ ክር እኔ ነኝ። ምዘዙኝ።»

በሩ እስከ ዛሬ አልተዘጋም። ይህን የምነግራችሁ እንድታመሰግኑኝ አይደለም። ለሰሚራ መቆም ቀላል ነው፤ የበደልኳት እሷን አይደለማ።

በሳምንቱ በቅርቡ መንገድ ሄድኩ። ወለላ በሯን ከፍታ መስኮቱ ሥር ትሰፋለች። ጸጉሯ ሸብቷል። አየችኝ፤ የስፌት መኪናዋን አላቆመችም። የያዘችውን እጅጌ እስክትጨርስ ደጃፉ ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ይቅር በይኝ አልኳት። ብዙ ነገር አዘጋጅቼ ነበር፤ የወጣልኝ ይህ ብቻ ነው።

«እትዬ ዘነቡ» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። «ያን ቀን የላክሁዎትን አደረሱ?»

«አላደረስኩም።»

«እንግዲያው መልእክቴ አሁንም እርስዎ ዘንድ ነው። ያድርሱና ይመለሱ።»

ወደ እድሩ ወርኃዊ ስብሰባ ሄድኩ። ያኔ የነበሩት ግማሾቹ የሉም፤ የቀሩት አርጅተናል። ተነሣሁ። አፌ ላይ የሚያምር ነገር መጣ። እምላለሁ፣ አሁንም መጣ! የተሰበረ ምሰሶ፣ የተዘጋ ምንጭ፣ እንዲህ እንዲህ የሚል። ጥርሴን ነክሼ መለስኩት።

«ከዐሥራ ሁለት ዓመት በፊት ወለላ ልካኝ ነበር» አልኩ። «እናቴ አልጋ ላይ ናት ብላችኋለች። ደረጃ አትወጣም ብላችኋለች። የግራውንድ ቤት ሊያልቅ ስለሆነ ፈረምኩ ብላችኋለች። ከእናንተ መለየት አልፈልግም ብላችኋለች። እኔ ይህን ዋጥኩና የጋቢውን ነገርኳችሁ። የጋቢው ውሸት ነው።»

ማንም አላጨበጨበም።

«እና?» አለ አንድ ወጣት፤ የሚቀጥል መስሎት።

«እናማ የለውም። ይኸው ነው።»

ያኔ አቶ ወንድሙ በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። «እኔም ያን ቀን እዚህ ነበርኩ» አሉ። «ስሸምን ነው ያረጀሁት። ጋቢ በአንድ ክር እንደማይተረተር አውቃለሁ። ነገሩ ሲያምር ጊዜ ዝም አልኩ።» ተቀመጡ። በለቅሶው ቀን ደረጃዬ ላይ ቆማ የነበረችው ሴት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

እድሩ ወለላን እንመልሳት አለ። እኔና አቶ ወንድሙ እንድንነግራት ተላክን። ሁለተኛ መላኬ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ እኔ ግን አራቱን ነገር እየደጋገምኩ፣ እንዳይጠፋብኝ እየፈራሁ ሄድኩ። እንቢ ብትለኝ ይገባኛል እያልኩ ሄድኩ። ውጪ ብትለኝስ? ይገባኛል። ዝም ብትለኝስ? እሱን ነበር በጣም የፈራሁት።

«እንዴት ብለው ነገሯቸው?» አለችኝ።

አራቱንም ነገርኳት። ስናገር ከንፈሯ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር። አንዲት ቃል አልዘለለችም። ለካ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በቃሏ ይዛው ነበር።

«እድሩ ተመለሽ ብሎሻል» አልኳት። «እኔ ግን ስለ ራሴ ነው የመጣሁት። አላወቅኩም ነበር አልልም። አውቄ ነው። እናትሽን ያለ ሰው ያስቀበርኩ እኔ ነኝ።»

ወለላ አቶ ወንድሙን ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው። እኔን አላስቀመጠችኝም። የምትሰፋውን ዩኒፎርም አጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረች። ከዚያ ቀና አለች፤ ዓይኔን ቀጥ አድርጋ አየችኝ።

«እድሩ ይቅርብኝ» አለች። «እርስዎ የሞቱ ቀን ግን እመጣለሁ። ጡሩንባ ባይነፋም እመጣለሁ።»